የአንባብያን ጥያቄ፦ ኦሊምፒክ የአገር ነው ወይስ የሯጩ?

በዚህ ዕትም ኦሊምፒክን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ሰብስበናል። «ዓ.ም.» ብለን ካልለየናቸው በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባንዲራ የሚሰቀለውም መዝሙር የሚዘመረውም ለአገር ነው። የኦሊምፒክ ባለሥልጣናት ግን ውድድሩ የአገሮች አይደለም ሲሉ እሰማለሁ። የቱ ነው ትክክል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የኦሊምፒክ ቻርተር ውድድሩ በአትሌቶች እንጂ በአገሮች መካከል እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። በ1896 አቴንስ ላይ ሲጀመር በተግባርም እንደዚያ ነበር። የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረው አየርላንዳዊው ጆን ፒየስ ቦላንድ ወዳጁን ሊጠይቅ አቴንስ በሄደበት ቴኒስ ተመዝግቦ በነጠላ አሸነፈ። በጥንድም ከጀርመናዊው ፍሪትዝ ትራውን ጋር ተጣምሮ አንደኛ ወጣ። ዛሬ የሁለት አገር ሰዎች እንዲህ ተጣምረው መመዝገብ አይችሉም።

ነገሩ የተለወጠው በ1908 ለንደን ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ተወዳዳሪ የሚመዘገበው በአገሩ ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል ሆነ። የኢትዮጵያ ኮሚቴ በ1954 እውቅና አገኘ፤ በ1956 ሜልበርን ላይም ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። በወረቀት ላይ ውድድሩ የአትሌቱ ነው፤ በሩን የሚከፍትለትም የሚዘጋበትም ግን አገሩ ነው። ቀጥለው ያሉት አብዛኞቹ ጥያቄዎች የሚነሡት ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በ1952 ነው በ1953 ዓ.ም.? ሁለቱንም አንብቤአለሁ። (ከአዳማ)

መልስ፦ በ1952 ዓ.ም.፣ ያውም በዓመቱ የመጨረሻ ቀን። ሩጫው የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፤ ይህም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያለቀው፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ እንዲጠነቀቅ የተነገረው የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ሲሆን መለያ ቁጥሩ 26 ይሆናል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥርን ለብሶ ሮጠ። አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ያው የሚፈልገው ሰው መሆኑን ሳያውቅ ብዙ ኪሎ ሜትር አብሮት ሄደ። ጥሎት የወጣው ወደ መጨረሻው ላይ፣ ያኔ በፖርታ ካፔና አደባባይ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ፤ ራዲ በ25 ሰከንድ ተከተለው።

1953 ብለው የሚጽፉ ሰዎች የሚሳሳቱት 8 መቀነስ ሲገባቸው 7 ስለሚቀንሱ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ይቀነሳል። መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። አብዛኛው ኦሊምፒክ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚውል 8 መቀነስ ልማድ ሆኗል፤ ስሕተቱ የሚመጣው መጸው ላይ በተካሄዱት ነው። የ1964ቱ ቶኪዮና የ1968ቱ ሜክሲኮ ማራቶን በጥቅምት ስለተሮጡ 1957 እና 1961 ዓ.ም. ናቸው። ሲድኒ 2000 የተከፈተው መስከረም 5 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመበት ሩጫም 1993 እንጂ 1992 አይደለም። ማሞ ወልዴ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ያገኘው ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በ12 ዓመቱ እንደገና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ኦሊምፒክ ያልተገኘችው ለምንድን ነው? ሦስቱም በአንድ ምክንያት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይደለም። የመጀመሪያው ከሁለቱ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ «በደርግ ጊዜ ቀረን» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለሉ ታሪኩን ያዛባል።

የ1976ቱ የአፍሪካ ጉዳይ ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ለጨዋታ የሄደው፣ በሶዌቶ ተማሪዎች ከተገደሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል እንድትታገድ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ፣ ራግቢ ያኔ የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልሆነ ጉዳዩ አይመለከተኝም አለ። ደቡብ አፍሪካ ራሷ ከ1964 ጀምሮ ታግዳ ነበርና የአፍሪካውያን ቁጣ ያነጣጠረው ከእሷ ጋር በሚጫወቱት ላይ ነበር። ወደ 30 የሚጠጉ አገሮች ቀሩ። ካሜሩን፣ ግብጽ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ ጥቂት ቀን ተወዳድረው አቋረጡ፤ ሴኔጋልና አይቮሪ ኮስት ብቻ እስከ መጨረሻው ቆዩ። በእኛ በኩል ዋጋውን የከፈለው ምሩጽ ይፍጠር ነው። እሱ በሌለበት 5,000ውንም 10,000ውንም ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ወሰደ። ምሩጽ ሁለቱንም ወርቅ ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ምዕራባውያን በርካታ አገሮች በቀሩበት ሞስኮ ላይ ነው።

የ1984ቱና የ1988ቱ የቀዝቃዛው ጦርነት ውሳኔዎች ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ለሞስኮው መቅረት አጸፋ ሎስ አንጀለስን ስትተው ደርግ ከወዳጆቹ ጋር ቆመ። ሶል ላይ ሰሜን ኮሪያ ጨዋታውን ከደቡቡ ጋር በጋራ ላዘጋጅ ብላ ድርድሩ ሲከሽፍ ቀረች፤ ኩባና ኢትዮጵያም አብረዋት ቀሩ። ሶቪየቶች ራሳቸው ሶል እንደሄዱ ልብ ይሏል።

የአፍሪካን ተቃውሞ በክብር እናነሣዋለን፤ ዓላማ ነበረው። ለ1988ቱ ግን ይህን ማለት ያስቸግራል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ክብረ ወሰኑም እስከ 1998 ቆየ። ሮተርዳም ላይ ሁለተኛ የወጣው የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ሶል ላይ በ2:10:59 ነሐስ ተሸለመ። ወርቁ የተገኘው በ2:10:32 ነው። በላይነህ ሄዶ ቢሆን ያሸንፍ ነበር ማለት አይቻልም፤ ኦሊምፒክ በሙቀትና በስልት የሚሮጥ ነው። ነገር ግን ዕድሉ ከእጁ ወጣ። ከሙኒክ እስከ ባርሴሎና ባሉት 20 ዓመታት መካከል ኢትዮጵያ የተገኘችው በሞስኮ ብቻ ነው። የአንድ ሯጭ የከፍታ ዘመን ከ8 እስከ 10 ዓመት ቢሆን፣ አንድ ትውልድ በሙሉ አለፈ ማለት ነው።

ዛሬ አንድ አገር ዝም ብሎ መቅረት አይችልም። ቻርተሩ ብሔራዊ ኮሚቴዎች አትሌት የመላክ ግዴታ አለባቸው ይላል። ሰሜን ኮሪያ ወደ ቶኪዮ 2020 ሳትሄድ ስትቀር ኮሚቴዋ እስከ 2022 መጨረሻ ታግዷል።

ጥያቄ፦ ሚኒማ (ለመግቢያ የሚጠየቀውን ሰዓት) ያሟላ አትሌት ለምን ይቀራል? በዓለም ሻምፒዮና አራት ይዘን እንሄዳለን፤ በኦሊምፒክስ? (ከአሰላ)

መልስ፦ በኦሊምፒክ በአንድ የሩጫ ዓይነት ከአንድ አገር የሚገቡት ቢበዛ 3 ናቸው። በዓለም ሻምፒዮና አራተኛ ቦታ የሚገኘው ያለፈው አሸናፊ በቀጥታ ስለሚያልፍ ነው። በኦሊምፒክ ይህ መብት የለም፤ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰውም ከሦስቱ ውስጥ መመረጥ አለበት።

ለፓሪስ 2024 የማራቶን ሚኒማ ለወንድ 2:08:10፣ ለሴት 2:26:50 ነበር፤ በ10,000 ሜትር 27:00 እና 30:40። እነዚህን የሚያሟሉ ኢትዮጵያውያን ከሦስት እጅግ ይበልጣሉ። ስለዚህ ሚኒማው ለምርጫ መቅረቢያ እንጂ ትኬት አይደለም። ምርጫውን ፌዴሬሽኑ ያቀርባል፤ ለዓለም አቀፉ ኮሚቴ ስም የሚያስገባው ግን ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጎዳው አትሌቱ ነው፤ የምዝገባው ቀን ደግሞ ለማንም አይራዘምም። የመምረጫው መስፈርት አስቀድሞ በጽሑፍ ካልወጣ ቅሬታ አይቀሬ ነው። የትኛው ውድድር ይቆጠራል? የቅርቡ ሰዓት ነው የበላዩ ወይስ ፈጣኑ? ተጠባባቂው በማን ምትክ፣ መቼ ይገባል? እነዚህ ከወራት በፊት መታወቅ አለባቸው።

ተጠባባቂነትን የሚንቅ አትሌት ካለ ታምራት ቶላን ያስታውስ። ለፓሪስ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ገባና በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። መተካት የሚቻለው ግን ተጠባባቂው አስቀድሞ በኮሚቴው ረጅም ዝርዝር (በዕጩዎች የመጀመሪያ ዝርዝር) ውስጥ ተካቶ ከሆነና የምዝገባው ቀን ካለፈ ጉዳቱ በሐኪም ማስረጃ ሲደገፍ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን አሜሪካ ተወልዶ በዩኒቨርሲቲ ይሮጣል። ለኢትዮጵያ መሮጥ ይችላል? ቢጫ ካርድ አለው። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ዜግነት አይደለምና ለኦሊምፒክ አይበቃም። የኦሊምፒክ ደንብ ሁለት ዜግነት ያለው ሰው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ የኢትዮጵያዊ ልጅ ኢትዮጵያዊነቱን የሚያቆየው፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ሲያስታውቅ ነው። ልጅዎ 18 ዓመት ካልሞላው ጊዜ አላችሁ፤ ከሞላው ዛሬውኑ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። አሜሪካን ወክሎ በዓለም ሻምፒዮና ከሮጠ ደግሞ ወደ ሌላ አገር ለመዛወር በመርሕ ደረጃ የ3 ዓመት ቆይታ ይጠበቅበታል።

ጥያቄ፦ ማራቶን 42.195 ነው ይባላል፤ የእኔ ሰዓት ሁልጊዜ ከ42.5 በላይ ያሳያል። ለካዮቹ ይሳሳታሉ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ርቀቱ የመጣው ከ1908 ለንደን ነው፤ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት እስከ ስታዲየሙ የንጉሣውያን መቀመጫ ፊት ለፊት ያለው መንገድ 42.195 ሆነ። በ1912 ስቶክሆልም 40.2፣ በ1920 አንትወርፕ 42.75 ተሮጧል። ርቀቱ የጸናው በ1921 ነው፤ በኦሊምፒክ ከ1924 ፓሪስ ጀምሮ ይሠራበታል።

መንገዱ የሚለካው የፊት ጎማው ላይ ቆጣሪ በተገጠመለት ብስክሌት ነው። ለካዩ መጀመሪያ በብረት ሜትር በተለካ፣ ቢያንስ 300 ሜትር በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ይነዳል፤ ቆጣሪው በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚቆጥር ያውቃል። ከዚያ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር፣ መታጠፊያ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ይከተላል። ሲጨርስ እንደገና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ያረጋግጣል። ሁለተኛው ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ጎማ ሲሞቅ ስለሚነፋ ነው፤ ያኔ ዙሪያው ያድጋል፣ ቆጣሪውም ለአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ይቆጥራል። አየር የሚያስተነፍስ ጎማ ደግሞ የባሰ ነው፤ መንገዱን ያሳጥረዋል፣ የሮጡትም ሁሉ ሰዓታቸው ይሰረዛል። ለዚህ መጠባበቂያ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል፤ በጠቅላላው 42 ሜትር።

እርስዎ ግን መታጠፊያዎቹን በውጭ በኩል ይዞራሉ፣ ሰው ለማለፍ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ሰዓቱም በሕንፃዎች መካከል ምልክቱ ይዘልበታል። 300 ወይም 400 ሜትር መብለጡ የተለመደ ነው። ውድድር ላይ ፍጥነትዎን በሰዓቱ ሳይሆን በመንገዱ ዳር ባሉት የኪሎ ሜትር ምልክቶች ይቆጣጠሩ።

ጥያቄ፦ ነሐስ የነበረ ሜዳሊያ ከዓመታት በኋላ ብር የሚሆነው እንዴት ነው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ የአበረታች መድኃኒት ናሙናዎች እስከ 10 ዓመት ተቀምጠው በአዲስ ዘዴ እንደገና ይመረመራሉ። መሠረት ደፋር በቤጂንግ 5,000 ሜትር ነሐስ ተሸልማ ነበር፤ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለገሴ ስትሰረዝ ወደ ብር ከፍ አለች። ሶፊያ አሰፋም በለንደን 3,000 ሜትር መሰናክል ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ ከተሰረዘች በኋላ እንዲሁ ብር ሆነላት።

ማሻሻሉ በራሱ አይመጣም። ውጤቱ ይሰረዛል፣ የይግባኝ ጊዜው ያልቃል፣ ሜዳሊያው እንዲመለስ ይጠየቃል፤ ዓለም አቀፉ ኮሚቴም ከፍ የሚሉትን አትሌቶች ጉዳይ ለየብቻ ይመለከታል። ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። አትሌቷ አዲሱን ሜዳሊያ የምትቀበልበትን ሥነ ሥርዓት ከቀረቡላት አማራጮች መምረጥ ትችላለች፤ ከእነዚህ አንዱ ቀጣዩ ኦሊምፒክ ነው። ጥያቄው የሚሄደው ግን አሁንም በብሔራዊ ኮሚቴው በኩል ስለሆነ፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡ አትሌቶቻችንም አድራሻቸውን በኮሚቴው ዘንድ ማደስ አለባቸው።