ቴሲስሽ ቀዝቃዛ ዶዚሜትሪ ቢሆን ማን ይቀጥርሻል?

እህቴ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ፣ ኬሚስትሪ ጨርሰሽ አውሮፓ ማስተርስ አግኝተሽ ፕሮፌሰሩ "በዝቅተኛ ሙቀት የጨረር መጠንን በኬሚካል ዶዚሜትር መለካት" የሚል ርዕስ ሰጠኝ፣ በጣም ጠባብ አይደለም ወይ፣ አገሬ ስመለስ ምን ልሰራበት ነው ብለሻል። በኔ በኩል ያዢው ባይ ነኝ፣ ግን ሲቪሽ ላይ የምታጎዪው ቅዝቃዜውን ሳይሆን መለካቱን ይሁን።

ርዕሱ እኮ ሰው እንደሚያስበው የወረቀት ነገር አይደለም። ለቀዶ ጥገና የሚቀመጥ የሰው አጥንት አንዳንድ ቲሹ ባንኮች ድራይ አይስ ውስጥ አድርገው፣ -78 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው፣ ጀርም እንዲሞት 25 ኪሎግሬይ (ግሬይ የተቀበለው ጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ጋማ ጨረር ይሰጡታል፣ ምክንያቱም በረዶ ውስጥ ጨረሩ የሚፈጥራቸው ፍሪ ራዲካሎች፣ በቀላሉ ሪአክት የሚያደርጉ ቁርጥራጭ ሞለኪውሎች፣ እንደልባቸው ስለማይንቀሳቀሱ ቲሹው ያን ያህል አይጎዳም። ጣጣው ዶዚሜትሩም፣ የጨረር መለኪያው ማለት ነው፣ የሚሰራው በዛው በራዲካል ኬሚስትሪ መሆኑ ነው፣ ቲሹውን ያዳነው ቅዝቃዜ ንባብሽን ያዛባዋል። ፍሪክ የሚባለውን ፈሳሽ ዶዚሜትር ታውቂው ይሆናል፣ ከ1927 ጀምሮ ያለ ነው፣ ውስጡ ያለው ብረት ከፌረስ ወደ ፌሪክ ሲቀየር 304 ናኖሜትር ላይ ማንበብ ነው፣ ግን ውሃ ስለሆነ ከረጋ ካሊብሬሽኑ አለቀለት፣ መደበኛው ደግሞ ከ400 ግሬይ በላይ አይሄድም። አላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ይሻላል፣ እስከ 100 ኪሎግሬይ ይችላል፣ ራዲካሎችን በማግኔት በሚቆጥረው በኢፒአር ማሽን ነው የሚነበበው፣ ግን እሱም በክፍል ሙቀት አካባቢ በዲግሪ ከ0.1 እስከ 0.2 ፐርሰንት ይለዋወጣል፣ ደግሞ ያንን መስመር ዝም ብለሽ እስከ -78 ብትስቢው አይሰራም። ብርዱ ንባቡን ስለሚያሳንሰው ሳታርሚው ከቀረሽ አጥንቱ የተቀበለው አንቺ ከጻፍሽው በላይ ነው። ለዚህ ነው ኢንዱስትሪው ውስጥ ብዙ ጊዜ ዶዚሜትሩን ከብርዱ አውጥተው ሌላ ቋሚ ቦታ ላይ አስቀምጠው የሁለቱን ቦታ ሬሾ በዶዝ ማፒንግ፣ የየቦታውን ዶዝ ለክቶ በማነጻጸር ማለት ነው፣ ቀድመው የሚያወጡት። ይሄን ኢንተርቪው ላይ ማስረዳት ከቻልሽ ግማሹን ጨርሰሻል።

ስራው የህክምና እቃ የሚያመክኑ ፋብሪካዎች፣ የምግብ ጨረር፣ ካሊብሬሽን ላብ፣ የጨረር ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ውስጥ አለ። እኛ አገር ጠባብ ነው፣ አልዋሽሽም። ቃሊቲ ያለው የቆላ ዝንብ ማራቢያ ግን ወንዶቹን ዝንቦች የሚያመክነው በጨረር ነው፣ ዶዙም መቶ ምናምን ግሬይ ስለሆነ ልክ የፍሪክ ቤት ነው። የአገሪቱን የመለኪያ ደረጃ የሚይዘውን ስነ ልክ ኢንስቲትዩትንም አትርሺ። ሆስፒታል ሬዲዮቴራፒ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ፣ እዛ ፊዚክስ ያለው ነው የሚፈለገው።

ብሩን በተመለከተ አይኤኢኤ (ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ) በማሪ ኩሪ ስም ለሴቶች ብቻ የከፈተው ስኮላርሺፕ አለ፣ ከ2020 ጀምሮ፣ በኑክሌር ዘርፍ ማስተርስ ለሚማሩ ነው፣ ለትምህርት ክፍያ በአመት እስከ 10,000 ዩሮ ለኑሮም እንደዛው ይሰጣል፣ አድሚሽን ስላለሽ ማመልከት ትችያለሽ።

እሺ ከማለትሽ በፊት ግን ፕሮፌሰሩን ጠይቂው፣ ጋማ ጨረሩን የሚሰጠው የኮባልት 60 ምንጭ የራሳቸው ነው ወይስ ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ኢፒአር ማሽኑን ማን ነው የሚነካው፣ ዶዚሜትሩ ጨረር እየተቀበለ እያለ ሙቀቱን በምን ነው የሚከታተሉት። የመጨረሻዋ ላይ ከተንተባተበ ሌላ ርዕስ ስጠኝ በይው።