«ስማው፣ ያብዳል» ብቻ አይበቃም

ባለፈው «ሰሞኑን የትኛውን ዘፈን እየደጋገማችሁ ነው? ለምንስ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልስ ጎረፈ። አብዛኛው ግን ሊንክ ብቻ ነው፤ ሲበዛ ከሥሩ ሦስት ልብ። «ለምን» የምትለዋን ብዙ ሰው ዘሏታል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ መልሱን ትታችሁ ጥያቄ ላካችሁ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው፤ እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ እኔ ከሥሩ እመልሳለሁ።

የምወደውን ዘፈን የስልኬ አላርም ባደርገው ደስ ብሎኝ የምነሳ ይመስልሃል?

አታድርጊው። ወር ሳይሞላ ትጠዪዋለሽ።

ዘፈን ደስ ካለኝ ደስ አለኝ ነው፣ ምክንያት ምን ያደርግልኛል? ለመሆኑ አንተስ ምን እየሰማህ ነው? (ደብዳቤው ከዚህ ረዘም ይላል። ስድቡን ቆርጬዋለሁ።)

ልክ ነህ፣ ለመውደድ ምክንያት አያስፈልግም። ለሰው ለመላክ ግን ያስፈልጋል። «ስማው፣ ያብዳል» ብለህ ከላክህልኝ አልከፍተውም። «ሁለተኛው አዝማች ካለቀ በኋላ ሳክስፎኑን ጠብቅ» ካልከኝ ግን እከፍታለሁ፤ ሳክስፎኑ እስኪገባም እጠብቃለሁ።

የእኔ ይኸውልህ። ሰሞኑን የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» እየሰማሁ ነው። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ነው (ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጅ ነው)። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ አብሮ ሄደና እዚያው ቀረ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን ቀዳ። ከሥሩ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን (ምቱን ራሱ የሚመታ መሣሪያ) ጨመረበት። ሌላ ሰው የለም።

ለምን ወደድኩት? ድራም ማሽኑ ድርቅ ያለ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። አኮርዲዮኑ ግን እላዩ ላይ እየዘገየ፣ እየተቅለሰለሰ ይመጣል፤ ልክ እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ ይወስዳል። ግጥም የለውም። ዜማዎቹን ስለምናውቃቸው ግን ቃሉ ሳይታወቀን ከአፋችን ይወጣል። እኔ ዕቃ ሳጥብ ሁሉ እያንጎራጎርኩት ነው።

ኃይሉ በኋላ ታክሲ ነጂ ሆነ። በዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገባ፤ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ታሪኩን ስለማውቅ አይደለም የወደድኩት፤ መጀመሪያ የሰማሁት ታሪኩን ሳላውቅ ነው። አኮርዲዮኑ ደስ ሲለኝ ግን «ማነው ይሄ ሰውዬ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ነገሬ ወዲህ ነው። የላካችሁልኝ ሁሉ «የእገሌ ዘፈን» ይላል። እሺ፣ የዘፈነው እገሌ ነው። ግጥሙስ የማን ነው? ዜማውስ? ማን አቀናበረው? የድሮ ሸክላ እንወዳለን ብለን የምንምል ሰዎች ግርማ በየነን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ራሱ የዘፈነው ጥቂት ነው። ፒያኖ እየተጫወተ፣ እያቀናበረ የሌሎችን ዘፈን ሲያሳምር ኖረ። አሜሪካ ገብቶ ነዳጅ ማደያ ሠርቷል። በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ሲያወጣ ብዙ ወጣት «አዲስ ዘፋኝ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «ቤዟ ናት የገደለችኝ» የሚል ሰው የቤዙን ተጫዋች ስም መፈለጉ አይቀርም። «ደስ ይላል» ብሎ የሚያልፍ ግን ከድምፃዊው ፎቶ አያልፍም። «ለምን» እያልኩ የማስቸግራችሁ ለዚህ ነው፣ ወንድሜ።

ለእንቅልፍ የሚሆን ለስለስ ያለ ዘፈን ንገረኝ። ሌሊት ኤርፎን አድርጌ ነው የምተኛው። ከሰሞኑ ግን አንድ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ድምፅም ትንሽ ቀንሶብኛል።

ዘፈን አልነግርህም። ነገ ጠዋት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ። «ሳምንት ልየው» አትበል። አንድ ጆሮ በድንገት ሲቀንስ አስቸኳይ ጉዳይ ነው፤ ሕክምናው የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ምናልባት ኩክ ብቻ ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን ሐኪሙ ይየው። ክብሪት አትክተትበት፤ ዘይትም አታፍስበት።

ለሌሎቻችሁም፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል። ወደ 90 ከፍ ካደረጋችሁት ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኤርፎን ሰክቶ የሚተኛ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራ።

አንተ መጀመሪያ ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ የትም አይሄድብህም፤ ያኔ በስፒከር፣ ዝግ አድርገህ ትሰማዋለህ።

ትዝታን ከሌሎቹ ቅኝቶች እንዴት ልለይ? ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለኛል።

ስልክሽ ላይ የፒያኖ አፕ ጫኚ። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይዘሽ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ወደ ቀኝ ተጫወቺ። ትዝታ ሜጀር ማለት እሱ ነው። አሁን ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግራ ጎናቸው ባለው ነጭ ቀይሪ። ትዝታ ማይነር ሆነ፤ ሆድሽም ባባ። ባቲና አምባሰልን ከዚህ በኋላ ትደርሺባቸዋለሽ። አንቺሆዬ ግን ያስቸግርሻል፤ መምህር ፈልጊ።

የአባቴ ካሴቶች ሻግተዋል፤ ወደ ስልክ ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፣ እመቤቴ። ግን እንደሻገተ ቴፕ ውስጥ አይክተቱት፤ ክሩም ቴፑም ይበላሻል። ከካሴት ወደ ዲጂታል የሚገለብጡ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ይስጡት። ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። እኔ የምለምንዎት ሌላ ነው፦ ሽፋኑን አይጣሉ። በሁለቱም በኩል ፎቶ ያንሱት። «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለው ያለው እዚያ ላይ ነው። ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ያቺ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ የለችም። ፎቶውን ለእኔም ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ከጥላሁንና ከማህሙድ ማን ይበልጣል?

ቀጣይ።

አንድ የማስታወቂያ ዜማ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ አለኝ። ምን ላድርግ?

ማስቲካ አኝክ። እየቀለድኩ አይደለም፤ በእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የወጣ ጥናት ማስቲካ ማኘክ ይህን ነገር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሌሎች «ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ስማውና ይለቅሃል» ይላሉ። ያንተ ግን ማስታወቂያ ነው፤ እስከ መጨረሻው ከሰማኸው ዕቃውን ትገዛለህ። ማስቲካው ይረክሳል።