በ«ማይ ፌር ሌዲ» የምንሰማው ድምፅ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ክቡር የአምዱ አዘጋጅ፣ ሐረር ከምትኖረው እህቴ ጋር «ማይ ፌር ሌዲ» የተባለውን የቆየ የአሜሪካ ሙዚቃዊ ፊልም ሰሞኑን ተመለከትን። እኔ ዘፈኖቹን የዘፈነችው ራሷ ኦድሪ ሄፕበርን ናት ስል፣ እህቴ ድምፁ የሌላ ሴት ነው ብላ ሞገተችኝ። ዘፋኝ ካስፈለገ በመድረክ የተጫወተችውን ለምን አልወሰዱም? ወንዱ ተዋናይስ ለምን ከመዝፈን ይልቅ እንደ ወግ ያወራዋል?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህትዎ በአብዛኛው ትክክል ናቸው። በፊልሙ ሄፕበርን ከምትጫወታት ከኤላይዛ አፍ የሚወጣው ዘፈን፣ ከጥቂት ስንኞች በቀር፣ የማርኒ ኒክሰን ነው። ኒክሰን ቀደም ሲልም በ1956 በ«ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» ለተዋናይት ዴቦራ ኬር፣ በ1961 ደግሞ በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለተዋናይት ናታሊ ውድ ድምፃቸውን ያዋሱ ዘፋኝ ሲሆኑ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የሦስቱም ፊልሞች የስም ዝርዝር ስለ እርሳቸው ዝም ብሎ አልፏል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ የበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» የተሰኘ ተውኔት በአላን ጄይ ለርነር ግጥምና በፍሬድሪክ ሎው ዜማ ወደ ሙዚቃዊ ትርዒት ተለውጦ በመጋቢት 1956 ኒው ዮርክ ውስጥ በቲያትር ቤቶች መንደሩ ብሮድዌይ ላይ ሲከፈት፣ አበባ ሻጯን ኤላይዛን የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች። ትርዒቱ 2,717 ጊዜ ታይቷል። የፊልም ኩባንያው የዋርነር ብራዘርስ ኃላፊ ጃክ ዋርነር ግን የፊልም መብቱን ብቻ በ5.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በጠቅላላው 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያፈስ፣ እስከዚያ ጊዜ አንድም ፊልም ባልሠራች ተዋናይት ላይ ገንዘቡን ማስያዝ አልደፈረም፤ ስለዚህ ስሟ ብቻ ተመልካች የሚጠራላትን ሄፕበርንን መረጠ። የነጋዴ ስሌት ነው፤ አይፈረድበትም።

የሚያስቆጨው ሌላው ነገር ነው። ሄፕበርን በ1957 «ፈኒ ፌስ» ላይ በራሷ ድምፅ ዘፍናለች፤ ለዚህኛውም ፊልም ዘፈኖቹን ተለማምዳ ቀርፃ ነበር። ሰው አፉን ሲከፍት የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ በሚታወቅባት፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና ሐረሪው በአንድ ገበያ በሚሰማባት ከተማ ለሚኖሩ አንባቢያን፣ አንዲት ድሃ ልጅ አነጋገሯን ለውጣ ከመኳንንት ጋር የምትቀላቀልበት ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። እንዲህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስለ ድምፅ በሚያወራ ፊልም የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ድምፅ በሌላ ሰው መተካት፣ በእኔ አስተያየት፣ የጠራ ዜማ አስገኝቶ ገጸ ባሕርይዋን አጉድሏል።

ይህን ለማረጋገጥ «ጀስት ዩ ዌይት» የተባለውን የቁጣ ዘፈን ደግመው ያድምጡ። መጀመሪያው ላይ ሸካራና ንዴት ያዘለ ሆኖ የሚሰማው የሄፕበርን የራሷ ድምፅ ነው፤ ዜማው ከፍ ሲል ግን በድንገት ለስላሳና የሠለጠነ ድምፅ ይተካዋል። ከዚህ ነጥብ አንፃር እርስዎም ክርክሩን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፉም።

የወንዱ ተዋናይ የሬክስ ሃሪሰን ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በመድረክም የኤላይዛን አነጋገር የሚለውጠውን ፕሮፌሰር ሂጊንስን የተጫወተው እርሱ በመሆኑና ዘፋኝ ባለመሆኑ፣ ዘፈኖቹ ገና ሲደረሱ ለእርሱ እንዲስማሙ፣ ማለትም በዜማ ላይ እንዲነገሩ ተደርገው ተጻፉ። በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ ዘፈኑን አስቀድሞ በስቱዲዮ መቅረፅና ተዋናዩ በካሜራው ፊት ከንፈሩን ከተቀረፀው ድምፅ ጋር እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነበር። ሃሪሰን ግን አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ማለት ስለማይችል በዚህ አልስማማም አለ፤ በመሆኑም በከረባቱ ሥር ሽቦ አልባ ማይክሮፎን ተደብቆለት እዚያው በቀረፃው ቦታ ላይ ዘፈነ። በነፃነት የሚያወራ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በጆርጅ ኪዩከር የተዘጋጀው ይህ የ1964 ፊልም፣ የምርጥ ፊልም፣ የምርጥ አዘጋጅ፣ የምርጥ ተዋናይና የምርጥ ድምፅ ሽልማቶችን ጨምሮ 8 ኦስካሮችን ወሰደ። ሄፕበርን ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም፤ የዚያ ዓመት ምርጥ ተዋናይት የተባለችው በ«ሜሪ ፖፒንስ» የመጀመሪያ ፊልሟን የሠራችው ጁሊ አንድሩስ ናት። ለሃሪሰን ሽልማቱን በመድረክ ላይ ያስረከበችው ግን ሄፕበርን ራሷ ነበረች።

ሄፕበርን ቀርፃቸው ከነበሩት ዘፈኖች የተረፉ አሉ፤ ፊልሙ ከታደሰ በኋላ በወጡ ዲቪዲዎች ላይ በተጨማሪነት ስለገቡ፣ ከእህትዎ ጋር ሁለቱን ድምፆች አስተያይታችሁ መፍረድ ትችላላችሁ።