ማይግሬት ፔጅስ ያለ ስህተት ጨረሰ፣ ሜሞሪው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ለምን?

ጥያቄውን ላላያችሁት በአጭሩ ላስቀምጠው። ሰርቨሩ ባለ ሁለት ሶኬት ነው፤ ማለትም ሁለት የፕሮሰሰር ቺፕ አለው። አንድ ቺፕ ከቅርቡ ራም ጋር ኖድ ይባላል፤ የራስ ኖድ ራም ቅርብ፣ የሌላው ሩቅ የሆነበት ይህ አሠራር ኑማ ነው። እያንዳንዱ ኖድ 128 ጊጋባይት ራም አለው። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሼርድ በፈርስ (ፕሮሰሶቹ በጋራ የሚጠቀሙበት የዳታ ማቆያ ሜሞሪ) 40 ጊጋባይት ነው፤ ሂዩጅ ፔጅ አልበራም፤ ማለትም ሜሞሪው የሚከፋፈለው በተለመደው ባለ 4 ኪሎባይት ቁራጭ፣ በፔጅ ነው። ዳታቤዙ ሪስታርት ተደርጎ ፕሪዋርም (ዳታውን ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ቀድሞ መሙላት) ካለቀ በኋላ ሼርድ ሜሞሪው ከሞላ ጎደል ኖድ 0 ላይ ተከምሯል። ወንድማችን የፖስትግሬስን ዋና ፕሮሰስ ቁጥር ሰጥቶ ማይግሬት ፔጅስን፣ ማለትም የአንድን ፕሮሰስ ሜሞሪ ከኖድ ወደ ኖድ የሚያዛውረውን የሊኑክስ ትዕዛዝ፣ ከ0 ወደ 1 አስኬደ። ትዕዛዙ በሰላም ተመለሰ። በየኖዱ ያለውን ሜሞሪ በሚያሳየው ኑማስታት ላይ ግን ቁጥሩ ያው ነው። ጥያቄው፦ ለምን አልሄደም? ኑማ ባላንሲንግን (ሜሞሪን በራሱ ወደሚጠቀምበት ኖድ የሚያስጠጋውን አሠራር) ባበራውስ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ያስተካክለዋል ወይ?

እንደዚህ ዓይነት ሰርቨሮች ላይ ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ የትዕዛዙ ዝምታ አያታልልህ። ከስር ያለው ሲስተም ኮል (ትዕዛዙ ለከርነሉ የሚያቀርበው ጥሪ) ሲጨርስ ማንቀሳቀስ ያቃተውን ፔጅ ብዛት ይመልሳል። ትዕዛዙ ግን እውነተኛ ስህተት ካልመጣ በቀር ምንም አይጽፍም። ሚሊዮን ፔጅ ቢቀርም ዝም ብሎ ይወጣል።

ያንተ ጉዳይ ላይ ግን ከዚህ የሚብስ ምክንያት አለ። ከርነሉ የሚያንቀሳቅሰውን ፔጅ የሚያገኘው የሰጠኸውን ፕሮሰስ ፔጅ ቴብል (ፕሮሰሱ የሚጠቀምባቸው ፔጆች የት እንዳሉ የሚይዝ ሰንጠረዥ) እየዞረ ነው። እዚያ ያልገባ ፔጅ አይታየውም። የፖስትግሬስ ዋና ፕሮሰስ ደግሞ ሥራው ኮኔክሽን ተቀብሎ ባክኤንድ (ኮኔክሽኑን የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) መፍጠር ነው። ሼርድ በፈርሱ ውስጥ ያለውን ዳታ እሱ አይነካውም፤ የሚነኩት ባክኤንዶቹ ናቸው። ፔጅ ደግሞ በአንድ ፕሮሰስ ፔጅ ቴብል ላይ የሚገባው ያ ፕሮሰስ ሲነካው ነው። ስለዚህ በሰጠኸው ቁጥር በኩል ከርነሉ ያየው ከ40 ጊጋው እጅግ ጥቂቱን ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ ፕሮክ በሚባለው የከርነል መረጃ ማውጫ ውስጥ የዋናውን ፕሮሰስ ኑማ ማፕስ (ፔጆቹ የት ኖድ እንዳሉ የሚያሳይ ፋይል) ክፈት። ከዚያ ከቆየ ባክኤንድ ኑማ ማፕስ ጋር አስተያየው።

"እንግዲያው የባክኤንድ ቁጥር ልስጠው" ትል ይሆናል። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ካልሆንክ አሁንም አይሄድም። ልዩ ፈቃድ የሌለው ሰው ማንቀሳቀስ የሚችለው ያ ፕሮሰስ ብቻውን የያዘውን ፔጅ ነው። በሩት ከሆነ የጋራዎቹም ይሄዳሉ። ግን እባክህ በሥራ ሰዓት አትሞክረው። ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ፔጅ ሲዛወር ከርነሉ ብዙ ሥራ አለበት። ፔጁን ከኤልአርዩ (ፔጆች በቅርብ አጠቃቀማቸው ከሚደረደሩበት) ዝርዝር ያወጣና ይቆልፈዋል። በመድረሻው ኖድ ላይ አዲስ ፔጅ ይመድባል። ከዚያ ያንን ፔጅ የያዙትን ፕሮሰሶች በሙሉ አንድ በአንድ ይፈልጋል፤ በየፔጅ ቴብላቸው ያለውን መስመር በጊዜያዊ ምልክት ይተካል። ምልክቱ ማይግሬሽን ኤንትሪ ይባላል። በዚህ መሃል ፔጁን ሊነካ የመጣ ሁሉ ፎልት (ፔጁ በቦታው ስለሌለ ጉዳዩ ወደ ከርነሉ መመለሱ) ውስጥ ገብቶ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። በሲፒዩዎቹ ቲኤልቢ (የፔጅ አድራሻ መሸጎጫ) ውስጥ የቀረው አሮጌ አድራሻም መጽዳት አለበት። ለዚህ ሲባል ሌሎቹ ኮሮች ሥራቸውን አቋርጠው እንዲያጸዱ ኢንተራፕት ሊላክላቸው ይችላል። 4 ኪሎባይቱ የሚገለበጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጨረሻ መስመሮቹ ሁሉ ወደ አዲሱ ቦታ ይስተካከላሉ፤ አሮጌው ፔጅ ይለቀቃል።

ግልበጣው ከሁሉም ቀላሉ ነው። እስቲ ቁጥሩን አስበው። 40 ጊጋባይት በ4 ኪሎባይት ሲከፈል 10,485,760 ፔጅ ይሆናል። 300 ባክኤንድ ቢኖርህና ሁሉም አንዱን ፔጅ ነክተውት ከሆነ፣ ለዚያ ለአንዱ ብቻ 300 ፔጅ ቴብል ይስተካከላል። ዳታቤዙ አይወድቅም። ግን ኩዌሪዎች ሲንጠለጠሉ ታያለህ፤ ሎጉ ደግሞ ምንም አይነግርህም።

ሁሉም ፔጅ ደግሞ እሺ አይልም። ከርነሉ ፔጁን ስንት ቦታ እንደያዘው ይቆጥራል። ከሚያውቃቸው ያዦች በላይ አንድ እንኳ ካገኘ ደጋግሞ ይሞክርና ይተወዋል። በዳይሬክት አይኦ (የከርነሉን መሸጎጫ አልፎ ከዲስክ ጋር በቀጥታ መጻጻፍ) መንገድ ላይ ያለ በፈር እንዲህ ነው፤ በአርዲኤምኤ (የኔትወርክ ካርድ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ የሚጽፍበት አሠራር) የተመዘገበ ሜሞሪም እንዲሁ። ሃርድዌሩ አድራሻውን ይዞ እየጻፈበት ስለሆነ ከስሩ ቢነጠቅ ዳታው ይበላሻል።

በአንድ የሠራሁበት ቦታ የኔትወርክ ካርድ በቪኤፍአይኦ (ሃርድዌርን ለቪኤም በሚያስረክበው የሊኑክስ አሠራር) በቀጥታ የተሰጠው ቪኤም (ምናባዊ ማሽን) ነበር። ሲፒዩዎቹ ኖድ 1 ላይ ታስረዋል፣ ሜሞሪው ኖድ 0 ቀርቷል። ማይግሬት ፔጅስ ቢደጋገምም ፋይዳ አልነበረውም፤ ቪኤፍአይኦ የቪኤሙን ሜሞሪ በሙሉ ፒን አድርጎ (ከቦታው እንዳይነቃነቅ) ይይዘዋልና። ቪኤሙን አጥፍተን ከመነሻው ኖድ 1 ላይ ማስነሳት ነበረብን። ካርድ ያልተሰጣቸው ቪኤሞች ግን በአንድ ትዕዛዝ ተጠቃለው ሄዱ። ይህ መሣሪያ የሚያምርበት እንደዚያ ሲሆን ነው፦ አንድ ፕሮሰስ፣ የግሉ ሜሞሪ፣ አንድ መድረሻ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ሜሞሪው መጀመሪያውኑ ኖድ 0 ላይ ለምን ተከመረ? በሊኑክስ መደበኛ ፖሊሲ ፔጅ የሚመደበው መጀመሪያ የነካው ኮር ባለበት ኖድ ላይ ነው። ሜሞሪውን ማን ጠየቀ የሚለው ለውጥ አያመጣም። ፕሪዋርምህ ደግሞ አንድ ፕሮሰስ ነው። እሱ ኖድ 0 ላይ ሆኖ ዳታውን ከዲስክ እያነበበ በፈሩን ሞላው። ኖዱ 128 ጊጋ ስላለው ወደ ኖድ 1 የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ሌላ ቀን ኖድ 1 ላይ ቢነሳ ክምሩ እዚያ ይሆናል።

ደግሞ ሁሉንም ወደ ኖድ 1 ብትወስደው ምን ታተርፋለህ? ባክኤንዶችህ ሁለቱም ኖድ ላይ ናቸው። አሁን የሚንቀረፈፉት ይሻላቸዋል፣ የተሻላቸው ይንቀረፈፋሉ። ከሁለት ወገን ለሚነካ የጋራ ሜሞሪ የሚያዋጣው ኢንተርሊቭ ነው፤ ፔጆቹ ከመነሻው ለሁለቱ ኖዶች እየተፈራረቁ ይመደባሉ። ፖስትግሬስን ኑማሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ፣ ኢንተርሊቭ ኦል በሚለው አማራጭ አስነሳው። የሚነሳው በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) ከሆነ በሰርቪስ ፋይሉ ላይ ኑማ ፖሊሲን ኢንተርሊቭ በል፣ ኑማ ማስኩን ሁለቱንም ኖድ ስጠው። ግማሹ ንባብ ከሩቅ ኖድ ይሆናል። በምትኩ የሁለቱም ኖድ ሜሞሪ ኮንትሮለር ሥራውን ይካፈላል፤ አሁን የኖድ 0 ብቻውን ነው የሚጨናነቀው። አንድ ዕዳ አለው፦ ፖሊሲውን ባክኤንዶቹም ስለሚወርሱት የግል ሜሞሪያቸውም ይበተናል። ትልልቅ ሶርት የሚሠራ የሪፖርት ዳታቤዝ ከሆነ ይህ ሊሰማህ ይችላል። ብዙ አጫጭር ኩዌሪ ለሚያስተናግድ ሰርቨር ግን እኔ ያለማመንታት ኢንተርሊቭን እመርጣለሁ።

ኑማ ባላንሲንግስ? ከከርነል 3.8 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የፕሮሰሱን ፔጆች በየተራ ሆን ብሎ ይዘጋቸዋል። ሲነኩ በሚመጣው ፎልት ከየትኛው ኖድ እንደተነኩ ያውቃል። አንድ ኖድ ደጋግሞ ከነካው ፔጁን ወደዚያ ይወስዳል፤ ወይ ፕሮሰሱን ወደ ሜሞሪው ያስጠጋል። ለብቻው ለሚሠራ ትልቅ ፕሮሰስ ግሩም ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ለሚነካው ፔጅ ግን ትክክለኛ ኖድ የሚባል የለም። በሂዩጅቲኤልቢ (በተዘጋጀ ሂዩጅ ፔጅ) የተመደበውን ደግሞ ከናካቴው ይዘለዋል፤ በኢንተርሊቭ ያሰርከውንም በተለምዶ አይነካውም። ስለዚህ ኢንተርሊቭ ካደረግክ ኑማ ባላንሲንግን 0 አድርገው፣ ማለትም አጥፋው። ማብራት ካማረህም ፕሮክ ቪኤምስታት ላይ ኑማ ሂንት ፎልትስና ኑማ ፔጅስ ማይግሬትድ የሚሉትን ተከታተል። ፎልቱ እየናረ የተዛወረው ጥቂት ከሆነ በከንቱ እየከፈልክ ነው።

ፖስትግሬስ 18 ካለህና ከሊብኑማ (የኑማ ላይብረሪ) ጋር ከተሠራ የትኛው በፈር የት ኖድ እንዳለ የሚያሳዩ ቪዎች ገብተውበታል። ከስር የሚጠቀሙት ሙቭ ፔጅስ የሚባለውን ሲስተም ኮል ነው። ይህ ጥሪ መድረሻ ኖድ ካልተሰጠው ምንም ሳያንቀሳቅስ ፔጁ የት እንዳለ ብቻ ይናገራል። ቀስ ያሉ ስለሆኑ ሞኒተሪንግህ በየደቂቃው እንዳይጠራቸው። የቆየ ቨርዥን ከሆነ ኑማስታት ላይ ሽሜም (የጋራ ሜሞሪ) የሚለው መስመር ይበቃሃል።

ሪስታርት አድርገህ ፕሪዋርሙ ሲያልቅ ያ መስመር በሁለቱ ኖዶች 20፣ 20 ጊጋ ገደማ ማሳየት አለበት። ካልሆነ የዋናውን ፕሮሰስ ኑማ ማፕስ ክፈትና በሼርድ ሜሞሪው መስመር ላይ ኢንተርሊቭ ይላል ወይስ ዲፎልት ብለህ እይ። ዲፎልት ካለ ፖሊሲው አልደረሰውም ማለት ነው። መጀመሪያ ዴመን ሪሎድ (ሲስተምዲ የተለወጠውን ፋይል እንደገና እንዲያነብ ማዘዝ) ማድረግህን አጣራ፣ ከዚያ ፖስትግሬስን የሚያስነሳው በእርግጥ ያስተካከልከው ሰርቪስ ፋይል መሆኑን።