ስለ ቶሮስ ሮስሊን የብራና ሥዕሎች፦ ጥያቄና መልስ

ቶሮስ ሮስሊን የ13ኛው መቶ ዘመን አርመናዊ የብራና ሠዓሊ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የት ነበር የሚሠራው?

መልስ፦ በህሮምክላ። ኤፍራጥስ ዳር ያለች አምባ ናት፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ትገኛለች። ያኔ የአርመን ካቶሊኮስ፣ ማለትም የአርመን ቤተ ክርስቲያን ዋና መሪ፣ መንበር ነበረች፤ ዋና አሠሪውም ካቶሊኮስ ቆስጠንጢኖስ ቀዳማዊ ነበሩ። የግብፅ ገዢዎች የነበሩት ማምሉኮች በ1292 ያዟት።

ጥያቄ፦ የእሱ ሥራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ከሥዕሉ በፊት ጸሐፊው በብራናው ላይ የተወውን ማስታወሻ እዩ። ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደጻፈው፣ የትና መቼ እንደተፈጸመ እዚያ ይነበባል። ስሙ ያለባቸው 7 መጻሕፍት ናቸው፤ ከ1256 እስከ 1268 የተሠሩ። 4ቱ ኢየሩሳሌም በቅዱስ ያዕቆብ የአርመን ገዳም፣ 2ቱ በአርመን ዋና ከተማ ኢሬቫን በብራና መጻሕፍት ቤቱ በማቴናዳራን፣ 1ዱ ባልቲሞር በዋልተርስ ሙዚየም ነው። ስም የሌለበትን በአሣሣል ስልቱ ብቻ ለሮስሊን መስጠት ያሳስታል፤ አብረውት የሚሠሩትም ንድፉን ይከተሉ ነበርና። የባልቲሞሩን የ1262 ወንጌል ግን ጽሕፈቱንም ሥዕሉንም ራሱ ስለሠራው እጁን ለማጥናት ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ብራና እጽፋለሁ፣ ሐረግም እስላለሁ። ወርቁ የሚገባው ከቀለሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ በፊት። በዘመኑ አሠራር ብራናው ይለሰልሳል፣ ንድፉ በቀጭን መስመር ይወጣል፣ ወርቅ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ስስ የወርቅ ቅጠል ይለጠፍበታል። ሲጠና በለስላሳ ድንጋይ ወይም በእንስሳ ጥርስ ይታሻል፤ የተረፈው ጫፍ ይጠረጋል። ቀለም ቀድሞ ከገባ ወርቁ በቀለሙ ሙጫ ላይም ይይዛል፣ ማሸቱም ቀለሙን ይፍቀዋል። ማጣበቂያው እርጥብ ሳለ ከታሸ ወርቁ ይቀደዳል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀም አይይዝም፣ ያን ጊዜ በእስትንፋስ ማርጠብ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ቀለሞቹስ ከምን ይሠሩ ነበር?

መልስ፦ ምርጡ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ከሚመጣ ላጲስ ላዙሊ ነው። ይህን ድንጋይ እጅግ አታልሙት፤ ዱቄቱ በላመ ቁጥር ይገረጣል። ደማቁ ቀይ የሜርኩሪና የድኝ ውሁድ ነው። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላውን ቀይ አርመኖች በአራራት ሜዳ በሣር ሥር ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት ያወጡ ነበር። በመከር ማለዳ ከአፈር ሲወጣ ይለቀማል፤ ስብ ስለሚበዛበት ስቡ ካልወጣ ቀለሙ አይጠራም። ከደረቀው ነፍሳት ክብደት ንጹሑ ቀለም ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከሁሉ የምትጠነቀቁት ከመዳብ ዝገት የሚገኘውን አረንጓዴ ነው፤ ከጊዜ ብዛት ብራናውን ይበላዋል። አርሰኒክ ያለበት ቢጫ ደግሞ መርዝ ነው፤ ከእርሳስ ማዕድን ከሚሠራ ነጭ ቀለም ጋር ሲገናኝም ሊያጠቁር ይችላል፤ አትቀላቅሏቸው።

ጥያቄ፦ ከወንጌሉ በፊት ያሉት ባለቅስት ገጾች ጌጥ ብቻ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ መፈለጊያ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሣርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው፣ በአራቱ ወንጌላት የሚመሳሰሉትን ክፍሎች የሚያገናኙ 10 ሠንጠረዦች ናቸው፤ በእኛም በአባ ገሪማ ወንጌሎች ይገኛሉ። ወንጌላቱ በቁጥር ተከፋፍለዋል፤ ማቴዎስ ብቻ 355 ክፍል አለው። ለአምስት ሺህ ሰዎች እንጀራ የተበረከተበትን ታሪክ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ብትፈልጉ በአንድ መስመር ማቴዎስ 147፣ ማርቆስ 64፣ ሉቃስ 93፣ ዮሐንስ 49 ታገኛላችሁ። ሠዓሊው ዐምዶቹን ለማሳመር ብሎ ካጠበበ ቁጥሮቹ መስመራቸውን ይስቱና አንባቢው የማይገናኙ ክፍሎችን ያገናኛል። የሮስሊን ብልሃት እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ወፉን፣ ዛፉንና ሐረጉን ከቅስቱ በላይና ከዳር አድርጎ ለቁጥሮቹ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ የነበረው ክስ እንዴት አለቀ?

መልስ፦ በስምምነት። ክርክሩ የሮስሊን ሥራ ከሆነው ከ1256ቱ የዘይቱን ወንጌል በተነጠሉ 8 የብራና ቅጠሎች ላይ ነበር፤ ጌቲ ሙዚየም በ1994 ገዝቷቸዋል። የአርመን ቤተ ክርስቲያን በ2010 ከሰሰች። በ2015 ሙዚየሙ የቤተ ክርስቲያኗን ባለቤትነት አመነ፣ እሷም ለሙዚየሙ በስጦታ ሰጠች። ዋናው መጽሐፍ ኢሬቫን ስላለ አንድ ጥራዝ እስከ ዛሬ በሁለት አገር ተከፍሎ ይኖራል፤ ይህ የሚያሳዝን ነው።

ጥያቄ፦ ባለሁበት ሆኜ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ የባልቲሞሩን ወንጌል ዋልተርስ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ገጹን አጉሉትና ቀለም የረገፈበትን ቦታ ፈልጉ፤ የሥሩ ንድፍ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ የወርቁን ጠርዝ ተከተሉ፤ ቀለሙ በወርቁ ላይ ከተደረበ ወርቁ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው።