ብሮሸር በምን ልሥራ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ብሮሸር ናቸው፣ ሁላችሁም ደግሞ የምትጠይቁኝ የሶፍትዌር ስም ነው። ከዚያ በፊት ግን ማተሚያ ቤቱ ሄዳችሁ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀበሉ ጠይቁ። አብዛኞቹ ፒዲኤፍ ነው የሚሏችሁ። እንግዲህ ደህና ፒዲኤፍ የሚያወጣ ሁሉ ያገለግላችኋል።

ጋሼ፣ የዘጌ ገዳማትንና ጢስ ዓባይን የማስጎበኝ ልጅ ነኝ። ካንቫ ይበቃኛል? (ከባሕር ዳር)

ኔት ካለህ ይበቃሃል፣ ካንቫ በኢንተርኔት የሚሠራ የዲዛይን መሥሪያ ነው። ነጻው ካንቫ ለኅትመት የሚሆን ፒዲኤፍ ከነመቁረጫ ምልክቱ ያወጣል። የኅትመት ቀለም፣ ማለትም ሲኤምዋይኬ፣ ግን ለሚከፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ስክሪን ላይ ቦግ ያለው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ቢል አትደንግጥ፣ ይልቅ ሁሉንም ከማሳተምህ በፊት አንድ ናሙና አስወጣ። የወረቀቱንም መጠን እይ፤ አንዳንዱ ቴምፕሌት በአሜሪካኖቹ ሌተር ነው የሚመጣው፣ እኛ ጋ የሚታተመው በኤ4 ነው። ፎቶ በቴሌግራም የሚልኩልህ ከሆነ ደግሞ "በፋይል ላኩልኝ" በላቸው፣ አለዚያ ተጨምቆ ይመጣና ያ ሁሉ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ብዥ ብሎ ይታተማል። 10 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ፎቶ 1,200 ፒክስል ገደማ ያስፈልግሃል።

ክራክ የሆነ ኢንዲዛይን ጓደኛዬ ሊጭንልኝ ነው። ልቀበል? (ከቡሬ)

ተወው። ኢንዲዛይን በክፍያ የሚገኝ የገጽ ማሰናጃ ነው፣ ክራክ የሚባለው ደግሞ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ነው። ቫይረሱን ማን ያጸዳልሃል? አፊኒቲ የተባለው የዲዛይን ፕሮግራም ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ሆኗል፣ የካንቫ አካውንት ብቻ ይጠይቃል። ስክራይበስ የተባለው የገጽ ማሰናጃም ከመጀመሪያው ነጻ ነው፤ መልኩ አያምርም፣ እስክትለምደው ያናድድሃል፣ ግን ያለ ኔት ይሠራል፣ ሲኤምዋይኬ ያወጣል፣ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። ለኔ ምርጫው እሱ ነው።

ለክሊኒካችን ያሠራነው ብሮሸር ሲታጠፍ ወደ ውስጥ የሚገባው ገጽ ይጨማደዳል። ሶፍትዌሩን ልቀይር? (ከፍኖተ ሰላም)

እታለም፣ ሶፍትዌሩ ምንም አላደረገሽ። የኤ4ን ርዝመት፣ 297 ሚሊሜትሩን፣ ለሦስት እኩል አካፍለሽው ነው። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ገጽ ትንሽ ማጠር አለበት፣ አለዚያ መታጠፊያው ላይ ይገፋና ይጨማደዳል። 100፣ 100 እና 97 አድርጊው። በውጭው ፊት ከግራ ወደ ቀኝ መጀመሪያ 97ቱ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ መጨረሻ ሽፋኑ ይመጣል። በውስጠኛው ፊት ግን 97ቱ ቀኝ ጥግ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ግራ ከገባሽ ባዶ ወረቀት አጥፈሽ በእስክሪብቶ "ሽፋን"፣ "ስልክ"፣ "አገልግሎት" እያልሽ ጻፊበትና ዘርግተሽ እዪው። የጀርባ ቀለሙ እስከ ጠርዙ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ ከመቁረጫው ውጭ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ቀለም ተዪ። በቢሮ ፕሪንተር ፊትና ጀርባ ስታትሚ ደግሞ በአጭሩ ጎን እንዲገለብጠው እዘዢው፣ አለዚያ አንዱ ፊት ተዘቅዝቆ ይወጣል።

ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የሠራሁት ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲከፈት የማይነበብ ነገር ሆነ። (ከሞጣ)

ምናልባት የጻፍከው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ አሠራር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይዘበራረቅብሃል። በኖቶ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ ጻፈው፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፎንቱን አብሮ የያዘ ፒዲኤፍ አውጣና መጀመሪያ በሌላ ሰው ስልክ ክፈተው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ጽሑፉን በሁለቱም ጎን እኩል አታስተካክለው፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በጠባብ ዓምድ ውስጥ የቃላቱ ክፍተት የጎደለ ጥርስ ይመስላል።

ቢሯችን ሁሉን ነገር በፐብሊሸር ነው የሚሠራው። ሊቀር ነው የሚባለው እውነት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን የገጽ ማሰናጃውን ከኦክቶበር 2026 በኋላ እንደማይደግፈው አስታውቋል፣ ከኦፊስ ፕሮግራሞቹ ጥቅል ከማይክሮሶፍት 365ም ይወጣል። የድሮ ሥራዎቻችሁን ከአሁኑ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯቸው። ነጻው ሊብሬኦፊስ ውስጥ ያለው ድሮው (Draw) የተባለ ፕሮግራም የፐብሊሸር ፋይል ይከፍታል፣ ግን አሰላለፉ ሊዛነፍ ስለሚችል አንድ በአንድ እዩት።

በወርድ ብሠራውስ? (ከእንጅባራ)

ለ50 ኮፒ፣ በራስህ ፕሪንተር ከሆነ ይሁን። ገጹን አጋድመው፣ ሦስት ዓምድ አድርገው፣ ጨርስ። ፎቶ የበዛበት ከሆነ ግን አንዱን ስትነካው ሌላው ይሸሽብሃል፣ ያኔ ስክራይበስን ጫን።