ከንቲባ ከየት ይመጣል፣ ወዴትስ ይሄዳል? ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የአዲስ አበባን ከንቲባ ሕዝቡ ራሱ ለምን አይመርጥም? ፓርቲው ሾመው ሲባል እንሰማለን።

መልስ፦ ሁለቱም አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። በከተማዋ ቻርተር፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ነዋሪው የሚመርጠው 138 መቀመጫ ያለውን የከተማ ምክር ቤት ነው። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ዕጩውን የሚያቀርበው ደግሞ አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚሆን የሚወሰነው በፓርቲው ስብሰባ ነው፣ ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ያጸድቀዋል። በምክር ቤት መመረጡ በራሱ ነውር የለውም፤ የፓሪስም ከንቲባ የሚመረጠው በከተማው ምክር ቤት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ምክር ቤቱ ውስጥ ተቃዋሚ ሲጠፋ ነው። በ2013ቱ ምርጫ 138ቱንም ወንበር የወሰደው ብልጽግና ፓርቲ ብቻውን ነበር፤ ያኔ የምክር ቤት ድምፅ የሚያጣራው ነገር አይኖርም።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ኢንጂነር ታከለ ኡማና ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ሥራውን ሙሉ በሙሉ እየመሩ «ምክትል ከንቲባ» ይባሉ ነበር። ከበላያቸው ማን ነበር?

መልስ፦ ማንም አልነበረም። ከንቲባ ለመሆን የምክር ቤቱ አባል መሆን ግድ ነው፣ እነሱ ደግሞ አባል አልነበሩም። ያን ጊዜ የነበረው ምክር ቤት በ2005 የተመረጠ ሲሆን አምስት ዓመቱ በ2010 አለቀ፤ ምርጫው ግን ተራዘመ። ያኔ ቻርተሩ በአዋጅ ቁጥር 1094/2010 ተሻሻለና የምክር ቤቱ ዕድሜ ተቀጠለ፣ ምክትል ከንቲባውም ከምክር ቤቱ ውጭ እንዲሾም በር ተከፈተ። ታከለ በሐምሌ 2010 የገቡት በዚያ በር ነው፤ አዳነችም በነሐሴ 2012 እንዲሁ። አዲሱ ምክር ቤት ሲመሠረት፣ መስከረም 18 ቀን 2014፣ አዳነች ሙሉ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በከተማዋ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ናቸው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ለመድረስ ቀድሞ ምን መሆን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያለፉትን ሃያ ምናምን ዓመታት ብታዩ ሁለት መንገድ ጎልቶ ይወጣል።

አንደኛው ከትንሽ ከተማ ወደ ትልቅ ነው። አርከበ ዕቁባይ በ1995 ጊዜያዊ አስተዳደሩን ከመረከባቸው በፊት የመቀሌ ከንቲባ ነበሩ። ታከለ ሰበታን፣ አዳነች አዳማን መርተዋል። አዳነች በመሃል የገቢዎች ሚኒስትር፣ ቀጥሎም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነዋል፤ እንደኔ ለከንቲባነት ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅመው ያ የገቢዎች ልምድ ነው። አዲስ አበባ እንደ ክልሎች ከፌዴራል የድጎማ በጀት ላይ ተመርኩዛ አትኖርም፤ ጀርባዋ ከራሷ የምትሰበስበው ግብር ነው። ግብር አሰባሰብ የማያውቅ ከንቲባ መንገድም ቤትም አይሠራም።

ሁለተኛው ከሚኒስትርነት ወደ ከንቲባነት ነው። ኩማ ደመቅሳ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት፣ ኋላም የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ2000 ከንቲባ ሆኑ። በ2005 የተኳቸው ድሪባ ኩማ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር መጡ። የዚህ መንገድ ጥቅሙ በፌዴራል ቢሮዎች በር አለመቆም ነው። ጉዳቱ ደግሞ የቀበሌን ጉዳይ ከላይ ወደ ታች ማየት ነው። የፍሳሽ ቱቦ ጉዳይ ሪፖርት በማንበብ ብቻ አይገባም።

በሁለቱም መንገድ የሚያሻግረው የፓርቲ ማዕረግ ነው። የሥራ ልምዱ ቢያምርም በፓርቲው አመራር ውስጥ ቦታ የሌለው ሰው ስሙ አይነሳም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ በ1997 ተቃዋሚው አሸንፎ አልነበር? ከንቲባው የት ደረሰ?

መልስ፦ ግንቦት 7 ቀን 1997 ቅንጅት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አገኘ፤ ለተወካዮች ምክር ቤትም የከተማዋን 23 መቀመጫ ጠቅልሎ ወሰደ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ነበሩ። ከምርጫው በኋላ በተነሳው ውዝግብ ምክር ቤቱ ሥራ ሳይጀምር ቀረ፣ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ። በ1998 በቀድሞው ዲፕሎማት በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተቋቁሞ እስከ 2000 ቆየ። ወንበር ማሸነፍና ወንበር ላይ መቀመጥ በመካከላቸው ርክክብ የሚባል ገደል አላቸው፤ ማን፣ በስንት ቀን፣ ምን እንደሚያስረክብ የተጻፈ ዝርዝር ከሌለ አሸናፊው ባዶ እጁን ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከከንቲባነት በኋላስ? ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ አለ?

መልስ፦ ከላይ ካነሳናቸው የለም። ኩማ ወደ አምባሳደርነት፣ ታከለ ወደ ማዕድን ሚኒስቴር፣ አርከበ ወደ ሚኒስትር ዴኤታነትና ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር አማካሪነት ሄደዋል። ውጭ አገር ግን ከንቲባነት ትልቅ መሰላል ነው፦ ኤርዶጋን ከኢስታንቡል፣ ዣክ ሺራክ 18 ዓመት ከመሩት ከፓሪስ፣ ቦሪስ ጆንሰን ከለንደን ተነስተው አገር መርተዋል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እነዚያ ከንቲባ ሆነው የራሳቸውን መራጭ ያፈራሉ፣ የእኛው ግን በምደባ መጥቶ በምደባ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ የእኛው የጎንደሩስ? እኛ የመረጥነው ምክር ቤት ነው የመረጠው?

መልስ፦ ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ይመርጣል፣ ከንቲባው ለምክር ቤቱና ለክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ተጠሪ ነው። የምክር ቤቱ ዕድሜ ነው ጥያቄ የሚያስነሳው። የ2013ቱ ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤትን፣ የክልል ምክር ቤቶችን፣ ከከተሞች ደግሞ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ብቻ ነበር የሚመለከተው። የጎንደርን የመሰለ የከተማ ምክር ቤት በአካባቢ ምርጫ ነው የሚመረጥ፤ ከዚያ በፊት የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የሚያዝያ 2005ቱ ነው። ስለዚህ ከንቲባ በተቀየረ ቁጥር «ማን መረጠው?» ከማለት «የመረጠው ምክር ቤት መቼ ተመረጠ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ እናት)፦ ልጄ፣ ውሃው በወር አንዴ ነው የሚመጣ። ከንቲባ ተቀየረ፣ ውሃው ያው ነው። ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ እትዬ፣ ይህን ሦስት ቦታ ከፍለው ይዩት። በቧንቧው መስመር ላይ ያለው ብልሽት፣ የፈረቃው አደላደልና የቆጣሪው ጉዳይ የከተማው የውሃ አገልግሎት ነው፤ እዚህ ላይ ከንቲባውን መጠየቅ ይገባል፣ በተለይ አንዱ ሰፈር ሁለት ፈረቃ ሲያገኝ ሌላው ሲዘለል። ለከተማው ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላት ግን በአንድ ከንቲባ ዘመን የሚፈታ አይደለም፤ ከተፋሰሱ በላይ ያለው መሬት በእርከንና በዛፍ ካልተያዘ በየክረምቱ አፈሩ ይወርዳል። የመገጭ ግድብ ደግሞ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፤ ከንቲባው ቢበዛ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ይወተውታል።  ለምረቃ ሲሆን ሁሉም በአንድ መድረክ ይቆማል፤ ሲዘገይ ነው ባለቤቱ የሚጠፋው።

ጥያቄ፦ አዲስ ከንቲባ ሲመጣ ሥራው ለምን ይቆማል?

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በነሐሴ ወይም በጥር የተሾመ ከንቲባ ሌላው ሰው ባጸደቀው በጀት ነው የሚሠራው። አዲስ ሥራ ሲያስብ ገንዘቡን ከተጀመረው ላይ ያዛውራል፤ የተጀመረው ኮብልስቶን ግማሹ ላይ ይቆማል፣ ተቋራጩ ክፍያ ዘገየብኝ ብሎ ዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል። በዚህ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች አብረው ይቀየራሉና በቃል የተገባው ቃል ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከአውቶፓርኮ)፦ ታዲያ ያለፈው ከንቲባ ለማኅበራችን ቃል የገባልንን የመሸጫ ቦታ እንዴት እናስቀጥል?

መልስ፦ ቃለ ጉባኤ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሌለ ከዜሮ ጀምሩ። ማመልከቻውን የማኅበሩ ማኅተም አድርጉበትና በሁለት ቅጂ ወደ መዝገብ ቤት ውሰዱ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ለከንቲባው በአካል መስጠት ደስ ይላል፣ ግን መዝገብ ያላየው ወረቀት የለም ማለት ነው። ከቀበሌና ከክፍለ ከተማ ሳትጀምሩ በቀጥታ ከንቲባው ጋ ብትወጡ «በየደረጃው ይታይ» ተብሎ ይመለስባችኋል፤ ስለዚህ የታችኛውን ውሳኔ፣ እንቢም ቢሆን፣ በጽሑፍ ተቀብላችሁ ነው የምትወጡ። የከተማው ቅሬታ ሰሚ ካልመለሰላችሁ ወደ ክልሉ ቅሬታ ሰሚ፣ ወይም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ይቻላል። የምክር ቤቱ ጉባኤ ከመድረሱ በፊት ደግሞ የአካባቢያችሁን ተወካይ አግኙ፤ ጥያቄው በጉባኤ ተነስቶ ከንቲባው የመለሰው መልስ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል፣ ያንን ቀጣዩም ከንቲባ አላውቀውም ማለት አይችልም።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ከንቲባዎች በታሪክ የሚነሳ አለ?

መልስ፦ ከንቲባ ገብሩ ደስታ። ለጎንደር ከንቲባነት ያበቋቸው አፄ ምኒልክ ናቸው። ቋንቋ አዋቂ ስለነበሩ በ1911 ወደ አሜሪካ ከሄደው የመልእክተኞች ቡድን ውስጥ ነበሩ። ልጃቸው ስንዱ ገብሩ በምርጫ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናት።